የኮች ቦግዳን መርዶ

በሚያዝያ ወር ፳፻፲፪ ዓ.ም. የወረርሽኙ ፍርሃት የአሜሪካዋን የዴንቨር ከተማ ደጅ ሁሉ ቀርቅሮ፣ ኮልፋክስ ጎዳና እንኳ ዝር የሚልበት ሰው ባጣበት ጊዜ፣ ሎውሪ ሰፈር ቦግዳን ራዴትስኪ የሚባሉ ፖላንዳዊ ሽማግሌ ይኖሩ ነበር፤ በወጣትነታቸው በበረዶ ሸርተቴ የተሸለሙ፣ ለአገራቸው ጦር የወረወሩ፣ መረብ ኳስም የተጫወቱ፣ ኋላም በስደት የጎረቤቷን የኦሮራ ከተማ ልጆች ያሠለጠኑና «ኮች»፣ ማለትም አሠልጣኝ፣ የተባሉ ሰው ናቸው። አሁን ልባቸው ደክሞ፣ ጆሯቸውም ስልክ መስማት ተስኖት፣ ሆስፒታል የገቡትን ባለቤታቸውን ሃሊናን ይጠብቃሉ።

አስታማሚያቸው አልጣሽ የምትባል ኢትዮጵያዊት ነበረች። ማክሰኞ ረፋድ ልጃቸው ከዋርሶ ደወለና እናቱ ማረፋቸውን ነገራት፤ ቀብሩ ዓርብ ከቀትር በፊት እንደሆነ፣ መቃብሩ ዳር እንዲቆም የተፈቀደውም ለአንድ ሰው ብቻ እንደሆነ ገልጾ፣ አባቱን ዛሬውኑ እንድታረዳለት ለመናት።

እሺ አለች፤ በዕለቱ ግን አላረዳቻቸውም። ባደገችበት ወግ መርዶ በአንድ ሰው አፍ አይነገርም፤ ወዳጅ ዘመድ ጎህ ሲቀድ ተሰብስቦ፣ የሚወድቀውን የሚደግፍ ክንድ ተዘጋጅቶ ነው። ለታመመ ሰውማ ከቀብር በኋላ ቢነገር ማንም አይወቅስም። የቤተ ክርስቲያኗን ሰዎች ለመነች፤ ሁሉም በሽታውን ፈሩ። በመጨረሻ ኮሜርስ ሲቲ መጋዘን የሚሠራው ወንድሟ ብዙነህ ቅዳሜ እመጣለሁ አላት፤ ሽማግሌው እጇ ላይ እንዳይቀሩባት ፈርታ ቅዳሜን ጠበቀች።

ዓርብ ጠዋት ኮች ቦግዳን ጢማቸውን ተላጭተው ስለ ሃሊና ጠየቋት። ደህና ናቸው አለች። ወዲያው ወጥ ቤት ገብታ ቧንቧውን ከፍታ አለቀሰች፤ የቀብሩ ሰዓት ሲያልፍ እያየችም አልተናገረችም።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ብዙነህ ማስክ አድርጎ መጣ፤ ወንድምና እኅት ግራና ቀኝ ቆመው አረዷቸው። ሽማግሌው አልወደቁም። ቀብሩ መቼ እንደሆነ ጠየቁ።

«ትናንት ተቀብረዋል፤ ልብዎ እንዳይቆም ፈርቼ ነው፤ ይማሩኝ» አለች አልጣሽ።

ሽማግሌው፣ «ልጄ፣ ስንት ጊዜ ተሸንፌአለሁ፤ ሜዳ ሳልገባ የተሸነፍኩት ግን ትናንት ነው» አሏት። ከዚያ ወዲያ እህል በወጉ አልቀመሱም፤ ክረምቱም ሳይወጣ ባለቤታቸውን ተከተሉ።

ያ ዘመን ሙታኑን በቁጥር መዝግቦ አለፈ፤ የትውልድ ከተማቸውም የቦግዳንን ድል ሁሉ በስፖርት ታሪኩ አኑሯል። ልጃቸው ግን መርዶው በዕለቱ የተነገራቸው መስሎት፣ ቀብሩንም በስልክ ምስል ሲከታተል መቃብሩ ዳር ሰው አጥቷልና፣ አባቴ በሽታ ፈርቶ እናቴን ብቻዋን አስቀበራት እያለ ይኖራል። አልጣሽ እውነቱን ልትነግረው ደጋግማ ደወለችለት፤ ስልኩን አላነሳም።