ቀይ ነጥብ ያለባቸው ጅማቶች

እኔ እንዲህ ያለ ነገር ሲወራ ጆሯቸውን ከሚሰጡት አልነበርኩም፣ ሰፈራችን ውስጥ አንዷ ጥላ አየሁ፣ ሌላዋ ማንም ሳይኖር ስሜ ሲጠራ ሰማሁ ስትል የኔ መልስ አንድ ነበር፣ «እስኪ መጀመሪያ ደም ግፊትሽን ተለኪ» እላታለሁ፣ ስቀው ያልፉኛል። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ የቀረ ቢሆንም ዓይኔ ያየውን ከሰው ወሬ መለየት አያቅተኝም። ይህን የምጽፈውም እንድትደነቁልኝ አይደለም፣ የልጄ ነገር የምይዝ የምጨብጠውን ስላሳጣኝ ነው፣ ምናልባት ከእናንተ መካከል እንዲህ የደረሰበት ሰው ካለ ብዬ።

ልጄ ሰብለ ክራር ተጫዋች ናት። እንዲያው ለመዝናኛ እንዳይመስላችሁ፣ ከአሥራ ሁለት ዓመቷ ጀምሮ ይዛዋለች፣ አሁን ሠላሳ ሊሞላት ነው፣ ማታ ማታ ባህል ቤት ትሠራለች፣ ሠርግ ትጠራለች፣ እኔም ጉልት ላይ ቲማቲም መሸጡን በወገቤ ምክንያት ከተውኩ ወዲህ የምንኖረው በእሷ ጣቶች ነው። በዐቢይ ጾም ግን ባህል ቤቱ ይቀዘቅዛል፣ ሠርግም የለም፣ ክራሩ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ሌላ ጊዜ እነዚያን ሳምንታት በእንቅልፍ ነበር የምትጨርሳቸው፣ ዘንድሮ ግን «እማ፣ በገና ልማር ነው» አለችኝ። ደስ አለኝ፣ እውነቴን ነው፣ ከምሽት ቤት ወደ መዝሙር መጣችልኝ ብዬ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ጧፍ ሁሉ አበራሁ።

አስተማሪዋ መሪጌታ ጥበቡ የሚባሉ፣ ቀራንዮ ሰፈር በቤታቸው የሚያስተምሩ ሽማግሌ ናቸው። አንድ የቆየ በገና አዋሷት፣ ግዙፍ ነው፣ በታክሲ ይዛው ስትመጣ ረዳቱ «ይሄ ሰው ነው ዕቃ? ለሁለት ነው የምትከፍይው» እንዳላት እየሳቀች ነገረችኝ። ከዚያ በኋላ እሱን ቤት እየተወች በመሪጌታ በገና ትማራለች፣ ማታ ቤት ባለው ትለማመዳለች።

ነገሩ እንዲገባችሁ አንድ ነገር ላስረዳችሁ። በገና አሥር ጅማት አለው፣ ግን አሥሩም አይመታም፣ ጣት አንዱን ይመታና አጠገቡ ባለው ላይ ያርፋል፣ ያ የሚታረፍበት ድምፅ አያወጣም፣ ሥራው ማረፊያ መሆን ብቻ ነው። ሰብለ ይህን መቀበል አቃታት። የክራር እጅ ማረፍ አያውቅም፣ ያገኘውን ክር ሁሉ ነው የሚያናግረው። «እማ፣ ተወጥሮ ውሎ ሥራ የማይሠራ ጅማት፣ እንደ ቀበሌ ሠራተኛ» እያለች ትስቅ ነበር። ጣቷ እየሳተ ሲያስቸግራት፣ ማረፊያዎቹን እንዳትመታ በቀይ የጥፍር ቀለም ነጥብ ነጥብ አደረገችባቸው። አንድ ሰኞ ግን መረራትና፣ ቀይ ነጥብ ያለባቸውንም እንደ ክራር ቃኝታ፣ በአሥሩም ባህል ቤት የምትጫወተውን የሠርግ ዘፈን መታችባቸው። «ተይ፣ የመዝሙር ዕቃ ነው» አልኳት። በማግስቱ ለመሪጌታ ስትነግራቸው አልተቆጡም አሉ፣ «እጅሽ ብዙ ያውቃል፣ ችግርሽ እሱ ነው፣ ያረፈውን ለምን ትቀሰቅሽዋለሽ» ብቻ ነው ያሏት።

የዚያው ሳምንት ረቡዕ ነው፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ ፀሐይዋ ቁልጭ ብላለች። ሰብለ ትምህርት ሄዳለች፣ እኔ በር ላይ ተቀምጬ ምስር እለቅማለሁ። ዝዝዝ የሚል ነገር ሰማሁ፣ ስልኬ መሰለኝ፣ ስልኬ ጭኔ ላይ ጭጭ ብሏል። ዝንብ መስኮቱ ላይ ተይዛ መሰለኝ፣ ዝንብም የለችም። በገናው ነው ለካ አልኩ፣ እመኑኝ እሱም ቢሆን አላስደነገጠኝም፣ እኛ መንገድ ላይ ሲኖ መኪና ባለፈ ቁጥር ብርጭቆው ይንጫጫል፣ በገናውም አብሮ ያጉረመርማል፣ ለምደነዋል። ቀና ብዬ መንገዱን አየሁ፣ መኪና የለም። ድምፁም እንደ መኪናው ተንጫጭቶ የሚያልቅ አይደለም፣ አንዴ ድም ይላል፣ ሰው ትንፋሽ እስኪስብ ያህል ይቆያል፣ ደግሞ ድም ይላል።

ምስሩን አስቀምጬ ገባሁ። በገናው በነጭ አንሶላ እንደተሸፈነ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፣ አንሶላው ንቅንቅ አይልም። ጫፉን ይዤ ገለጥኩት። የሚመቱት ጅማቶች ቀጥ ብለዋል። የሚንቀጠቀጡት እነዚያ ቀይ ነጥብ ያለባቸው ናቸው። አንዷ ነጥብ ትጠፋና እንደ ቀይ ክር ትሆናለች፣ ቀስ እያለች ተመልሳ ነጥብ ትሆናለች፣ ከዚያ የሌላዋ ተራ ይሆናል። ነፋስ የለም፣ ሰው የለም። አልጋው ላይ ቁጭ አልኩ።

ጎረቤቴ ዘነበች ግድግዳችን አንድ ስለሆነ ከማዶ ጮክ ብላ፣ «እትዬ ወርቄ፣ ሰብልዬ ዛሬስ ጎበዘች፣ እስከዛሬ ቆርቆሮ ነበር የምትቀጠቅጥብን» አለችኝ። እሷ ለቀልድ ነው፣ እኔ ግን ያኔ ነው የደነገጥኩት፣ ብቻዬን የሰማሁት ቢሆን በራሴ ጆሮ አሳብቤ አልፈው ነበር።

ለሰብለ ደወልኩ።

«እማ፣ ትምህርት ላይ ነኝ፣ ምነው?»

«ልጄ፣ አሁኑኑ ነይልኝ።»

«ማን ነው የሚደረድረው?» አለችኝ፣ እኔ ስለ በገናው አንድ ቃል ሳልተነፍስ።

«ማንም የለም።»

«እንዴት ማንም የለም፣ ይሰማኛል እኮ። ስልኩን አስጠጊው።»

«ሰብለ፣ እየፈራሁ ነው።»

«በናትሽ እማ፣ አስጠጊው።»

ለምን እንደታዘዝኳት እስከዛሬ አላውቅም፣ ፊቴን አዙሬ ክንዴን ዘርግቼ ስልኩን ወደ ጅማቶቹ ያዝኩላት። ክንዴ ሲዝል ወደ ጆሮዬ መልሼ «ሰብልዬ» ስላት፣ በሹክሹክታ «ዝም በይ፣ እየያዝኩት ነው» አለችኝ። ከበገናው ይልቅ ያስፈራኝ ይህ ነው።

ስትመጣ ድምፁ ቆሟል። ጫማዋን ሳታወልቅ አንሶላውን ገፍፋ ተቀመጠችና ያንኑ የሰማነውን ደረደረችው፣ አንድ ሳታስቀር፣ ከተማረችው ግን ተገልብጦ ነው፣ ቀይ ነጥቦቹን ትመታለች፣ በሚመቱት ላይ ታርፋለች። ያ ሲያስቸግራት የከረመው ማረፍ፣ ይዛው የተወለደች ነው የሚመስለው።

በሳምንቱ ሳልነግራት መሪጌታ ዘንድ ሄድኩ።

«እንዲህ ተገልብጦ የሚደረደረውን ያስተማሯት እርስዎ ነዎት?» አልኳቸው።

«አይደለሁም። ትናንት ደርድራልኝ ሰምቻለሁ። ቤታችሁ ሌላ የሚደረድር ሰው አለ?»

«እኔና እሷ ብቻ ነን። በገናውን ልመልስልዎት አባቴ።»

«እዚያው ይቆይ» አሉኝ ሽማግሌው።

«የእርስዎ ዕቃ ነው እኮ።»

«አውቃለሁ። ይቆይ።» ሲሸኙኝ ፊቴን አላዩም።

ፋሲካ ዋለ፣ ባህል ቤቱ ጠራት፣ ሠርጉም መጣ። ክራሯን አውርዳ ስትቃኝ ደስ ብሎኝ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ጀመረች፣ ጥቂት እንደሄደች የግራ እጇ ጣቶች ክሩ ላይ ቆሙ፣ አረፉ፣ ዘፈኑ ተቆረጠ። ደግማ ጀመረች፣ አሁንም አረፉ። በሦስተኛው ክራሩን አስቀምጣ እጇን እያየች «እማ፣ ክራሩ አይሰማኝም» አለች፣ ሳይከፋት ነው ደግሞ እንዲህ የምትለኝ። ለባህል ቤቱ ባለቤት ደውላ ሌላ ሰው ፈልጉ አለቻቸው። አሥራ ስምንት ዓመት የያዘችው ሙያ ነው። ጠበል እንሂድ ስላት «ትንሽ ታገሽኝ፣ ገና አስተምሮ አልጨረሰልኝም» ትለኛለች። ማን ነው ያልጨረሰልሽ ብዬ አልጠየቅኳትም፣ ብትነግረኝ ምን አደርጋለሁ። በገናውን ሸሽጌ ላወጣው አንድ ጠዋት አንስቼው ነበር፣ እሷ አልጋዋ ላይ ተኝታ ሳለ ግራ እጇ ከብርድ ልብሱ ላይ ተነሳና ጣቶቿ አየሩን መምታት ጀመሩ፣ መልሼ አቆምኩት።

ይህን ስጽፍ በር ላይ ነኝ፣ ስምንት ሰዓት አልፏል፣ ከውስጥ በገናው ይሰማኛል። ሰብለ ናት። ምሳዋን በልታ ስትገባ አይቻታለሁ፣ በዚህ በር አልወጣችም፣ እርግጥ የጓዳው በር ወደ ጓሮ ያስወጣል። ሁለት ጊዜ «ሰብለ» ብዬ ልጠራት አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ከበገናው አጠገብ «አቤት» ካለችኝ እሰየው፣ ከጓሮ በኩል ካለችኝስ።