የጎኑ ቱቦ

ኢንስፔክተር ሸሪፋ ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ወዳለችው የበረራ ማስተማሪያ ክፍል ስትገባ፣ መምህር ሉልሰገድ ከጠረጴዛቸው ሥር ተዘርረዋል። በመስኮቱ የታክሲ ረዳቶች ጩኸት ይገባል። ሸሪፋ ሬሳ ባየች ቁጥር እግሯ አንድ ቦታ አይረጋም፤ ዛሬም ክፍሉን እየዞረች ትቃኛለች።

«መርዙ የዚህ መለኪያ ቱቦ ላይ ነው የተቀባው» አለ ሳጅን ያቤፅ። «ቱቦዎቹን ጠዋት ያጠበችው ልጃቸው ጽዮን ናት። በካቴና ልሰራት?»

«ቆይ እንጂ! ምን ያጣድፍሃል?»

ጠረጴዛው ላይ ሁለት ቱቦ የተሰካበት የአውሮፕላን ፍጥነት መለኪያ አለ። ተማሪውን ሚናስን ኮሪደር ላይ ለብቻው ጠየቀችው።

«የፊቱ ቱቦ ከፊት የሚመጣውን ነፋስ ይቀበላል፤ የጎኑ ደግሞ በዙሪያው ያለውን አየር። መርፌው የሁለቱን ልዩነት ያሳያል። ጋሼ ሁልጊዜ የፊቱን ነበር በአፋቸው የሚነፉልን። ዛሬ ግን ድንገት ‹ስለ ከፍታ ነው የምንማረው› አሉ። ላይ አየሩ ይሳሳል፤ የፊቱ ቱቦ በበረዶ ከተደፈነ፣ አውሮፕላኑ ሽቅብ ሲወጣ መርፌው በውሸት ‹ፈጠነ› ይላል። ያንን ሊያሳዩን የፊቱን በጣታቸው ደፍነው ከጎኑ አየር ሲስቡ... ወደቁ።»

ጽዮን እንባዋ አላቋርጥ ብሏታል። «አባቴ ጠዋት በስልክ ‹ከዛሬ ጀምሮ ከፍታን እኔ አስተምራለሁ› ሲል ሰምቻለሁ። ለማን እንደሆነ እንጃ።»

ረዳት መምህሩ በፍቃዱ ግን ተረጋግቷል። «አሁን መድረሴ ነው። ዛሬ የተለመደው ትምህርት መስሎኝ ነበር። በተመረዘ ቱቦ ሞቱ ሲባል ነው የሰማሁት።»

ሸሪፋ ሦስቱንም ጠረጴዛው ዙሪያ ሰበሰበቻቸው።

«እኔ የማሽን ነገር አይገባኝም። መርፌው እንዴት ነው የሚነሳው? እስቲ ያሳዩኝ፣ አቶ በፍቃዱ።»

በፍቃዱ ሳያመነታ የፊቱን ቱቦ አፉ ላይ አድርጎ እፍ አለ። መርፌው ተነሳ።

«የጎኑንስ?»

እጁ ባለበት ቀረ።

«አይስጉ፣ ሁለቱንም በአዲስ ቀይሬያቸዋለሁ» አለች ሸሪፋ። «ትምህርቱ የተለመደው ቢመስልዎት ኖሮ የሚፈሩት የፊቱን ነበር፤ መምህሩ የሚነፉት እሱን ነውና። እርስዎ ግን መርዙ የጎኑ ላይ እንዳለ ያውቃሉ። የጎኑን የሚመርዝ ደግሞ ትምህርቱ መቀየሩን ቀድሞ የሰማ ሰው ነው። ጽዮን ስልኩ ላይ ሲባል ሰምታለች እንዳይሉኝ፣ እሷ ብትሆን ኖሮ ነገሩን አትነግረኝም ነበር። የተደወለው ለእርስዎ ነው፤ ጽዮን ቱቦዎቹን ካጠበች በኋላ የሚገቡበት የክፍሉ ቁልፍም እንደ ረዳት መምህርነትዎ አለዎት።»

በፍቃዱ ቱቦውን ለቀቀ። «በአንድ ስልክ እንጀራዬን ነጠቀኝ! ‹አንተ የምታስተምራቸው ልጆች አንድ ቀን ይከሰከሳሉ› አለኝ። ምን አጠፋሁ? መርፌው ፈጠነ ካለ፣ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ቀና አድርጎ ፍጥነት መቀነስ ነው!»

«ቱቦው በረዶ ይዞት ከሆነስ?» አለ ሚናስ ቀስ ብሎ። «ያኔኮ ፍጥነቱ የለም። ቀና ካደረግነው እንወድቃለን።»

ያቤፅ ካቴናውን አወጣ፤ ጽዮን የሚያስረው እሷን መስሏት ሳታስበው ሁለት እጆቿን ዘረጋች። ሸሪፋ የልጅቷን እጆች ይዛ ዝቅ አደረገቻቸው።