በዛፍ ሆድ ያለፉት አቶ ኃይለመስቀል

በ፲፱፻፹፰ ዓ.ም. የሐምሌ ወር፣ የአትላንታ ከተማ ለኦሊምፒክ እንግዶች አጊጣ ሳለች፣ በመካከሏ ባለው መናፈሻ ቦምብ ፈነዳ፤ ከዚያ ወዲህ ሰው ባለቤት የሌለው ቦርሳ ባየ ቁጥር ይሸሽ፣ ጎረቤትም ጎረቤቱን በጎን ያይ ጀመር፤ ቦርሳውን አስቀድሞ ያየው የጥበቃ ሠራተኛ እንኳ ጀግና በተባለ በጥቂት ቀን ተጠርጣሪ ተባለ።

በዚያው ሰሞን፣ ከከተማዋ አጠገብ ባለችው በዶራቪል የቅመማ ቅመም ሱቅ የነበራቸው መበለት ወይዘሮ ዘውድነሽ ለጋብቻ ተጠይቀው ነበር። ጠያቂው አቶ ኃይለመስቀል በዳውንታውን ፓርኪንግ የሚሠሩ፣ ንግግራቸው ቁጥብ፣ አለባበሳቸው ንጹሕ ሰው ነበሩ፤ ሽምግልናውን የያዙት ደግሞ በጃንሆይ ዘመን የተሾሙት አዛውንቱ ግራዝማች ወንዳፍራሽ ነበሩ። ወይዘሮዋም እሺ ለማለት ተቃርበው ነበር።

ነገሩን ያበላሸው ከቤተ ክርስቲያን ደጅ የተነሣ ሹክሹክታ ነው። “ያ ሰው በቀይ ሽብር ጊዜ የቀበሌ ሊቀ መንበር ነበር” ተባለ፤ ማን መጀመሪያ እንዳለው ግን የሚያውቅ አልነበረም። የወይዘሮ ዘውድነሽ ታናሽ ወንድም ስለሺ በ፲፱፻፸ ዓ.ም. ከቤቱ ተወስዶ በዚያው ቀርቷል፤ ሬሳውም አልተገኘም። ስለዚህ ወሬው ጆሯቸው ከገባ በኋላ የሰውየውን እጅ ደጋግመው ማየት ጀመሩ፤ ሲስቁ ለምን ሳቁ፣ ዝም ሲሉ ምን ደበቁ ይላሉ። ፊት ለፊት ግን አልጠየቋቸውም።

እሑድ ዕለት ሽማግሌዎቹ ከአቶ ኃይለመስቀል ጋር ስኮትዴል ወዳለው የወይዘሮዋ ቤት በመጡ ጊዜ፣ ወይዘሮዋ ነገር አዙረው፣

“አቶ ኃይለመስቀል፣ በሰባ ዓመተ ምሕረት የት ነበሩ?” አሉ።

“ካሊፎርኒያ፤ ተማሪ ነበርሁ። ያን ክረምት ከጓደኛዬ ጋር ወደ ሰሜን ስንጓዝ በአንድ ዛፍ ሆድ ውስጥ በመኪና አለፍን” ብለው ፈገግ አሉ።

“በዛፍ ሆድ?”

“ግዙፍ ዛፍ ነው እመቤቴ፤ አገር ጎብኚ እንዲመጣላቸው ግንዱን ፈልፍለው መንገድ አወጡበት። የመኪናውን የጎን መስተዋት አጥፈን ነው ያለፍነው፤ ውስጡ ይቀዘቅዛል፤ እርጥብ እርጥብ ይሸታል።”

ግራዝማች ሳቁ፤ ወይዘሮ ዘውድነሽ አልሳቁም።

በጠበቆች ቢሮ የምትሠራው ልጃቸው ሶስና በሳምንቱ ከቤተ መጻሕፍት ተመልሳ፣ “እማዬ፣ ቼክ አድርጌዋለሁ” አለች። “ዛፉ ሪል ነው፤ ግን በረዶ ከብዶት ወድቋል፤ በእናንተ አቆጣጠር በስድሳ አንድ። ሰውዬው እየዋሸሽ ነው፣ ዩ ኖው?”

በሚቀጥለው እሑድ ወይዘሮዋ በሽማግሌዎቹ ፊት፣ “አለፍሁበት ያሉት ዛፍ እርስዎ ካሉት ዘመን አስቀድሞ ወድቋል” አሏቸው።

“እኔ ያለፍሁበት አልወደቀም፤ ሌላ ነው።”

“ስንት ሆዱ የተፈለፈለ ዛፍ አለ ታዲያ?”

አቶ ኃይለመስቀል ዙሪያውን ተመለከቱ፤ ግራዝማች እንኳ ፊታቸውን አዞሩ። ባርኔጣቸውን አንሥተው ወጡ፤ ወዲያውም ሥራቸውን ለቀው ወደ ዳላስ ሄዱ። ሰውም፣ ባያደርግ መች ይሸሽ ነበር አለ። በጥቅምት ወር ያ የጥበቃ ሠራተኛ ከቦምቡ ነገር ነጻ መሆኑ በቴሌቪዥን ሲነገር፣ ወይዘሮ ዘውድነሽ ሳይጨርሱ አጠፉት።

ዓመታት አለፉ። በ፲፱፻፺፬ ዓ.ም. ሶስና ለሥራ ወደ ካሊፎርኒያ ስትሄድ እናቷን ይዛ ሄደች፤ ሥራዋንም ስትጨርስ በኪራይ መኪና ወደ ሰሜን ይዛቸው ተጓዘች። በመንገድ ዳር አንድ ትልቅ ሰሌዳ አዩ፤ ከሰሌዳውም አለፍ ብሎ ጫፉ የማይታይ ዛፍ ቆሟል፤ መኪኖች ተሰልፈው በግንዱ ውስጥ ያልፋሉ። ሶስና መስተዋቱን አጥፋ ቀስ ብላ ነዳች። ትኬት የምትቆርጠዋን ሴት ከመቼ ጀምሮ እንደ ተፈለፈለ ብትጠይቃት፣ “እኔ ሳልወለድ ነው፤ እንዲህ ያሉ ሌሎችም አሉ” አለቻት።

ዛፉ መኖሩ ሰውየው በውስጡ ማለፋቸውን አያስረዳም፤ ወይዘሮዋም ይህን ያውቁ ነበር፤ ጥርጣሬያቸውም አልሞተም። ቢሆንም ስልክ ቁጥር ከግራዝማች ተቀብለው ዳላስ ደወሉ።

“ዛፉን አየሁት” አሉ።

“ደግ ነው።”

“ያለፉበት ይህ ይሆን?”

“ወይዘሮ ዘውድነሽ፣ ሹክሹክታውን እኔም ሰምቼ ነበር፤ ስለ ዛፍ ብዙ ጠየቁኝ፤ ስለ ወንድምዎ ግን አንድ ቀን አልጠየቁኝም።”

ወይዘሮዋም፣ “በስለሺ ደም እጅዎ አለበት?” አሉ።

“የለበትም።”

“አመንሁዎ። ይመለሱ።”

“ይቅር ብዬዎታለሁ፤ መመለሱ ግን አይሆንም። በተጠረጠርሁበት ቤት ምግብ አይወርድልኝም” ብለው በትሕትና ተሰናበቱ።

ስለሺን ማን እንደ ገደለው አልታወቀም። ያን ዘመን የጻፉ ሰዎች ገዳዩንና ሟቹን ለመለየት ብዙ ደክመዋል፤ በሁለቱ መካከል፣ በሹክሹክታ ብቻ ከሰው ተራ የወጡትን ግን የሚያነሣ የለም፤ አቶ ኃይለመስቀልም ከእነዚያ አንዱ ሆነው ቀሩ።