ከእጥፉ በታች

«ማነው አቁሙ ያላችሁ?» አለች ሲስተር ሰምሀል የክኒኑን እሽግ ከፍ አድርጋ። ከሰባቱ ክኒን አምስቱ አልተነኩም።

የሮሃ አባት ዳኜ ኦክስጅን አፍንጫው ላይ ተደርጎለት ዓይኑን ጨፍኗል። ዛሬ ጠዋት ከቁስቋም እስከ አስፋልቱ ያለችውን ቁልቁለት መውረድ አቅቶት፣ አጎቷ ይገዙ ነው በጀርባው አዝሎ ታክሲ ውስጥ ያስገባው። ኮቪድ ይዞት እዚሁ ሆስፒታል ከርሞ «ተሽሎታል» ተብሎ ከወጣ ገና አምስት ቀኑ ነው።

«እሷ ናት!» አለ ይገዙ ጣቱን ወደ አክስቷ ወደ አጸደ ቀስሮ። «ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ስትግተው ነው የሰነበተችው!»

ሮሃና አክስቷ ሆድና ጀርባ ናቸው። እናቷ ካረፈች ወዲህ ቤቱን የምታዝበት አጸደ ናት፤ ስልኳን ትቀማታለች፣ ጓደኞቿን ከበር ትመልሳለች። ከሦስት ቀን በፊትም ከክኒኑ ካርቶን ውስጥ የታጠፈ ወረቀት አውጥታ ወረወረችላት።

«እንግሊዝኛ እችላለሁ ትዪ የለ? እስቲ አንብቢው።»

ሮሃ ደረቷን ነፍታ አነበበች። «የሰውነትን የመከላከል አቅም ይቀንሳል።»

«ቫይረስ ለያዘው ሰው? ሊገድሉት ነው እንዴ! ሌላስ ምን ይላል?»

ከእጥፉ በታች ያለው ረጅም ነው፤ ቃላቱም ከበዷት። ግን አልገባኝም ብላ አክስቷ ፊት ኩም ከምትል ብትሞት ይሻላታል።

«በቃ፣ ይኸው ነው» አለች።

አጸደም ክኒኑን ቁም ሳጥን ላይ ሰቀለችው።

«ስሙ» አለች ሲስተር ሰምሀል አሁን። «ቫይረሱ እኮ ያን ያህል አልቀረም። አሁን ሳንባውን የሚጎዳው የራሱ መከላከያ ነው። ቫይረሱን ሲያሳድድ ቆይቶ መቆም አቃተው፤ ያገኘውን ሁሉ እየመታ ነው። ክኒኑ እሱን ለማብረድ ነበር። ፌጦው ምን አለው ብላችሁ ነው? ችግሩ የክኒኑ መቆም ነው።»

«ሰማሽ?» ይገዙ ጮኸ። «ወንድምሽን ልትቀብሪው ነው! ከዛሬ ጀምሮ እዚያ ቤት እግርሽ እንዳይደርስ!»

ሮሃ ደስ አላት። ስንት ጊዜ ተመኝታዋለች! ልክ ልኳን የሚነግራት ሰው ተገኘ።

አጸደ ቀና ብላ አንድ ጊዜ ሮሃን አየቻት። አሁን ትናገራለች፣ አለች ሮሃ በልቧ፤ አሁን ስሜን ትጠራለች።

«አዎ» አለች አጸደ ወደ ወለሉ እያየች። «እኔ ነኝ ያስቆምኩት።»

ሮሃ ተናደደች። አክስቷ ብትከሳት ትክድ ነበር፣ ይጨቃጨቁ ነበር፤ ይሄኛውን ግን ምን እንደምታደርገው አላወቀችም። አባቷ ሳለ። ትከሻው በእያንዳንዱ ትንፋሽ ይነሳል፣ ይወድቃል።

«ዶክተሩ ክኒኑ ለምን እንደቆመ ይጠይቀኛል» አለች ሲስተር ሰምሀል። «ዛሬ መልሰን ብንጀምርለት፣ ነገ ቤት ስትሄዱ ድጋሚ ላለማቆማችሁ ምን ዋስትና አለኝ? እንዲያው ከመሬት ተነስታችሁ አቆማችሁት?»

«ግትር ስለሆነች ነዋ!» አለ ይገዙ።

ሮሃ ቦርሳዋን ከፈተች። ወረቀቱ የባዮሎጂ ደብተሯ ውስጥ ነው፤ ያን ዕለት አክስቷ ለሌላ ሰው እንዳታስነብብባት ብላ የደበቀችው።

«ሲስተር... እ... ማለቴ፣ እኔ ነኝ ያነበብኩላት» አለች። «ግማሹን። ሌላ ምን ይላል ስትለኝ የለም አልኳት።»

ይገዙ ከአጸደ ወደ ሮሃ ዞረ። አጸደ ግን ፊቷ አልተፈታም፤ በዚያው በቁጡ ድምጿ፦

«እንግዲያው አሁን ጨርሺው» አለች። «ጮክ በይ፣ አባትሽም ይስማ።»

ሮሃ እጥፉን ዘረጋችና ካቆመችበት መስመር ጀመረች። ሦስተኛው ቃል ላይ ተደናቀፈች።

«ሲስተር፣ ይሄ ምን ማለት ነው?»