በረዶ የተጫነው ጣሪያ

የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ ቴያልዲ መንገድ ዳር ሞቶ ሲገኝ ፊቱ በሕይወት ሳለ ከነበረው ይበልጥ ቀልቶ ነበር። ጀርመኖች ሸለቆውን ከያዙ ሦስት ወራቸው ነው፤ ቴያልዲ የተሸሸጉ አይሁዶችን ይጠቁምላቸው እንደነበር ያልሰማ የለም። መቶ አለቃቸው ሰዓቱን አየና፣ «ገዳዩ እስከ ቀትር ካልተገኘ አሥር ሰው ይረሸናል» አለ።

የመንደሩ ፖሊስ አዛዥ ጊባውዶ ያመራው ካስታኛ የሚሉት የዛፍ ፍሬ ቆጥ ላይ ተዘርግቶ በጭስ ወደሚደርቅበት የሽማግሌው ጆአኒን ጎጆ ነበር። በሩ ላይ የአሥራ አንድ ዓመቷ የልጅ ልጁ ዴልፊና ቆማለች። ሲያያት በሩን በጀርባዋ ከለለች። ከጎጆው ጀርባ፣ በፍየሎቹ ጋጣ ውስጥ፣ እሷ ምግብ የምታመላልስላቸው ሁለት አይሁድ ሕፃናት ከእናታቸው ጋር ተሸሽገዋል።

«እሳቱን የሚጠብቀው ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ ጌታዬ።»

«ትናንት ቆጡ ላይ ማን ወጣ?»

«ማንም! ጣሪያው በረዶ ተጭኖት የለ? ጭሱ መውጫ ሲያጣ ያፍናል። እንኳን ሰው ድመታችንም አትወጣም።»

«የአገሩ ሰው አይወጣም። የከተማ ሰውስ?»

ወደ ቆጡ መሰላል ዓይኗን ሰረቀች።

«የሟቹ ካፖርት ላይ የካስታኛ ልጣጭ ተሰክቷል። ከዚህ እስከ መንገዱ ድረስ የማገዶ መጎተቻ በረዶውን አርሶታል፤ አጠገቡም የትንሽ ጫማ ዱካ አለ።»

«በእመቤታችን፣ ሞቶ ነው ያገኘሁት!» እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «ሊሰልለን ወጥቶ…»

«ቀትር ላይ ከአያትሽ ጋር ሟቹ ቤት ነይ» ብሏት፣ የመጎተቻውን ዱካ በቡትሱ እየደመሰሰ ወረደ። ለምን እንደሆነ አልገባትም።

ቀትር ላይ ሰዉ ሁሉ ሟቹ ቤት ተሰበሰበ። ዴልፊና የአያቷን እጅ ጨምድዳ ይዛለች።

«ሰውነቱ ላይ ቁስል የለም» አለ ጊባውዶ ለመቶ አለቃው። «ስለዚህ አልተመታም። እንዲህ አቅልቶ የሚገድል ደግሞ የከሰል ጭስ ነው። ይኸው፣ አልጋው ውስጥ የፍም ማሞቂያ አለ፤ መስኮቱም ጥርቅም ተደርጎ ተዘግቷል። ሲያፍነው አየር ፍለጋ ወጣና ወደቀ።»

«ልጣጩስ?»

መቶ አለቃው ከሟቹ ካፖርት ላይ የተነቀለውን ልጣጭ አነሳ።

ሽማግሌው ጆአኒን ሳቀ። «ጌታው፣ ካስታኛ በሚላጥበት በዚህ ወር የእኔን ሱሪ ቢፈትሹ ከዚያ የባሰ ያገኛሉ!»

ሰዉ በፍርሃት መካከል ሳቀ። ዴልፊና ግን የጊባውዶን እጅጌ አየች፤ ጫፉ ላይ ትኩስ አመድ አለ። ማሞቂያውን አልጋው ውስጥ ያስገባው ማን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባት።

መቶ አለቃው ማስታወሻውን ዘግቶ ወጣ። ሰዉም ተበተነ። ጊባውዶ ጎንበስ አለላት።

«እንግዶቻችሁ በረዶው ሳይብስ ድንበር መሻገር አለባቸው። ጫማ አላቸው?»

የላቸውም በማለት ራሷን ነቀነቀች። ከዚያም ሁለት ጣቶቿን ዘርግታ የትንሹን ልጅ እግር ልክ አሳየችው።