የአቶ ዳልጮ ኩላሊት

አቶ ዳልጮ በላንቴ መንደር ባለው የሙዝ ማሳቸው ውስጥ በደረታቸው ተደፍተው ተገኙ። አፋቸው ላይ ትውከት ደርቋል።

ጎረቤቱ ሁሉ ጣቱን የቀሰረው በሁለተኛ ሚስታቸው በጌጤ ላይ ነበር። የልብ መድኃኒታቸውን የምትሰጣቸው እሷ ናት።

«ስንት ይሰጧቸው ነበር?» አለች ኢንስፔክተር የሺመቤት።

«ዶክተሯ ያለችውን። በቀን አንድ ፍሬ።»

«ከዚያስ?»

«ምግብ አስጠላው። ያስመልሰው ጀመር። ሁሉ ነገር ቢጫ ሆኖ ይታየኛል አለ። ለአሞጽ ነገርኩት። ‹ይለምደዋል፣ አታቋርጪ› አለኝ።»

አሞጽ የሟቹ ልጅ ነው። ሲቀላ በሚባለው የከተማው ሰፈር በሚገኝ አንድ የግል ክሊኒክ ላቦራቶሪ ውስጥ ይሠራል።

የተረፈው መድኃኒት ሲቆጠር ከታዘዘው ጋር ገጠመ፤ ጌጤ አልዋሸችም። የሺመቤት ወደ ክሊኒኩ ሄደች። መድኃኒቱን ያዘዘችው ዶክተር ብሩክታዊት ፊቷ ገርጥቶ ጠበቀቻት።

«ይሄ መድኃኒት የሚወጣው በኩላሊት ነው። ኩላሊት ከደከመ ሰውነት ውስጥ ተጠራቅሞ ይመርዛል። ስለዚህ ዕድሜን፣ ክብደትንና የደም ውጤትን አይቼ፣ ኩላሊቱ ምን ያህል እንደሚሠራ አስልቼ ነው መጠኑን የምወስነው። የአቶ ዳልጮ ውጤት የጎረምሳ ነበር።»

«በሽማግሌ ላይ አላጠራጠረዎትም?»

«ደስ ብሎኝ ነበር» አለች።

የአስከሬን ምርመራው መጣ። መድኃኒቱ ደማቸው ውስጥ ከልክ በላይ ተጠራቅሟል። ኩላሊቶቻቸው ተኮማትረዋል፤ ከደከሙ ቆይተዋል።

እንግዲያ የተመረመረው ደም የሳቸው አልነበረም።

ክሊኒኩ ማቀዝቀዣ ውስጥ በስማቸው የተቀመጠው ደም ተፈተሸ። የደም ዓይነቱ ከሟቹ የተለየ ሆነ። ደማቸውን የቀዳውም የመረመረውም አሞጽ ብቻ ነበር።

«የማን ደም ነው?» አለችው።

አሞጽ አቀረቀረ። «የኔ።»

«ልትገድላቸው?»

«አይደለም! መጀመሪያ የሱን መረመርኩ። ኩላሊቱ አልቋል። ልጁ እኔ ብቻ ነኝ። ዘመድ ሁሉ ‹አንዱን ኩላሊትህን ስጠው› ሊለኝ ነው። ፈራሁ። የራሴን ደም ተካሁ። በዚያ ውጤት መድኃኒት ይታዘዛል ብዬ አላሰብኩም።»

«ቢጫ ይታየኛል ማለታቸውን ስትሰማስ? መመረዛቸው አልገባህም?»

አሞጽ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«አሞጽ!»

«ገባኝ።»

«ለዶክተሯ ብትናገር ይተርፉ ነበር።»

«ብናገር ያደረግኩት ይታወቃል። ዛሬ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ ስል…» አልጨረሰውም።

የሺመቤት ወጥታ ኮሪደሩ ላይ ለተቀመጠችው ጌጤ ሁሉንም ነገረቻት። ነፃ ነዎት፣ ወደ ቤትዎ መሄድ ይችላሉ አለቻት።

ጌጤ ግን አልተነሳችም።

«የመጨረሻ ቀን እምቢ ብሎኝ ነበር» አለች። «ለምኜ ነው ያስዋጥኩት።»