የሌላ ሰው ጋቢ

ልጆች፣ አፍንጫችሁን አዘጋጁ! ይህ ታሪክ በዓይን ብቻ አይታይም።

ትርሲት ስድስት ዓመቷ ነው። አባባ መንገሻ ደግሞ የእናቷ አባት ናቸው።

አባባ ድሮ አዲስ አበባ ውስጥ ዳቦ ጋጋሪ ነበሩ። አሁን የሚኖሩት ደብረ ሲና ነው፤ የመጡት ትርሲትን ሊጠይቁ ነው።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ነጩን ጋቢያቸውን ደረቡ። «ነይ፣ ፒያሳን ላሳይሽ» አሏት። «ፒያሳ የሚታየው በአፍንጫ ነው!»

«ትርሲት፣ ከአባባ እንዳትለዪ! እሺ?» አለች እማዬ።

«እሺ!» አለች ትርሲት። አንዱን ጫማዋን እንኳ ገና አላጠለቀችም።

ፒያሳ ሰው በሰው ነው። አባባ የጋቢያቸውን ጫፍ ሰጧት።

«ይህን ያዢ። ከፈራሽ ደግሞ ጥሪኝ።»

ትርሲት ጫፉን ጭምድድ አድርጋ ያዘች። ከዚያ መጥራቱን ሞከረችው።

«አባባ?»

«አለሁ!»

«ብንጠፋፋስ?» አለች ትርሲት።

አባባ ቁጢጥ አሉና ዓይን ዓይኗን አዩ። «መጨረሻ አብረን የቀመስንበት ቤት ሄደሽ ቁሚ። ከዚያ ንቅንቅ እንዳትዪ። እኔም እዚያው እመጣለሁ።»

አሽተት፣ አሽተት! ትኩስ ዳቦ! ዳቦ ቤቱ ውስጥ ሊጡ ጠረጴዛ ላይ ይመታል፤ «ጧ! ጧ!»

አባባ አንዱን ዳቦ ለሁለት ገመሱት። ግማሹ ለትርሲት፣ ግማሹ ለአባባ። እፍ! እፍ! ይፋጃል!

«አባባ?»

«አለሁ!»

አሽተት፣ አሽተት! የጋለ ዘይት! ፓስቲው «ጭሽሽሽ!» እያለ ያብጣል።

ከፓስቲ ቤቱ ጎን አንድ ጫማ ሰፊ ተቀምጠዋል። ተረከዝ ይመታሉ፤ «ኳ! ኳ! ኳ!»

አንድ ፓስቲ ለትርሲት፣ አንድ ፓስቲ ለአባባ። የሁለቱም ከንፈር በዘይት አበራ።

«አባባ?»

«አለሁ!»

አሽተት፣ አሽተት! ቫኒላ! ኬክ ቤት ደረሱ። በሩ ደወል አለው፤ «ቂል! ቂል!»

በመስታወቱ ውስጥ ኬኮቹ ተደርድረዋል። ትርሲት ክሬሙ የበዛውን መረጠች። የኬክ ቤቱ አስተናጋጅ እትዬ ሐረገወይን በሳህን አቀረቡላት።

አባባ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ዛሬ ረቡዕ አይደል? እኔ ጾመኛ ነኝ፤ ኬክ ደግሞ ወተትና እንቁላል አለበት። አንቺ ብይ፣ እኔ አይሻለሁ።»

ትርሲት በላች። አባባ አዩ። ክሬሙ አፍንጫዋ ላይ ሳይቀር ወጣ።

ሲወጡ መንገዱ ብሶበታል። ሰው ይገፋል፤ መኪና ይጮሃል። «ጲጵ! ጲጵ!»

የትርሲት ጣቶች ክሬም በክሬም ናቸው። ለአንድ አፍታ፣ ለአንዲት አፍታ ብቻ፣ ጋቢውን ለቀቀችና ጣቷን ላሰች።

ከዚያ እጇን ዘረጋች። ነጭ ጋቢ አገኘች። ያዘችው።

ሄዱ። አስፋልቱን ተሻገሩ። ታጠፉ።

«አባባ?»

ዝም።

«አባባ?»

ዝም።

ትርሲት ቀና አለች። ጋቢው ነጭ ነው፤ ሰውዬው ግን አባባ አይደሉም!

ጋቢውን እሳት እንደነካ ሰው ለቀቀችው።

«አንቺ ልጅ፣ የማን ነሽ?» አሉ ሰውዬው ደንግጠው።

«የአባባ ነኝ» አለች ትርሲት። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

ወዲያው የአባባ ነገር ትዝ አላት። መጨረሻ የቀመስንበት ቤት! «ደወል ያለው ኬክ ቤት ውሰዱኝ!» አለች።

«አሁን ያለፍነው? በይ ነይ» አሉ ሰውዬው። እጇን ይዘው መለሷትና ለእትዬ ሐረገወይን አስረከቧት።

«ውይ፣ ልጄ! አያትሽ እኮ አሁን መጥተው ነበር» አሉ እትዬ ሐረገወይን። «ልጅቷን አይታችኋታል ብለው እየሮጡ ወጡ።»

«ይመለሳሉ» አለች ትርሲት። «እዚያው እመጣለሁ ብለውኛል።» በሩን እያየች ተቀመጠች።

ቂል! ቂል! ትርሲት ብድግ አለች። ጃንጥላ የያዘች ሴት ገባች።

ቂል! ቂል! ትርሲት ብድግ አለች። ተማሪዎች ገቡ።

ቂል! ቂል! ነጭ ጋቢ! ትርሲት ሮጠች። «አባባ?»

ጋቢው ዞረ። አባባ አይደሉም።

ውጭ ሰማዩ ጠቆረ። ትርሲት ፈራች፤ በጣም ፈራች።

እትዬ ሐረገወይን ኬክ አመጡላት። «ብይ እንጂ፣ የኔ ቆንጆ።» ትርሲት ኬክ እምቢ ስትል ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

ሳህኑን አየችው። አንድ ኬክ። አንድ ሹካ።

ቅድምም አንድ ሹካ ነበር!

«እትዬ! አባባ እዚህ አልቀመሱም! ጾመኛ ናቸው!» ትርሲት ከወንበሯ ዘለለች። «አብረን የቀመስነው ፓስቲ ነው! እዚያ ቆመው ይጠብቁኛል!»

«የትኛው ፓስቲ ቤት? እዚህ ሰፈር እኮ ሞልቷል!» አሉ እትዬ ሐረገወይን። ሽርጣቸውን እንኳ ሳይፈቱ እጇን ይዘው ወጡ።

ጠብ... ጠብ... ሿሿሿ! ዝናቡ ወረደ።

አሽተት፣ አሽተት! ዘይት! ሮጡ። ፓስቲ ቤት ነው፤ ጎኑ ግን ጫማ ሰፊ የለም።

«ይሄ አይደለም!» አለች ትርሲት።

አሽተት፣ አሽተት! አሁን ምንም አይሸትም። ዝናቡ ሽታውን ሁሉ አጥቦ ወሰደው።

ትርሲት ቆመች። አፍንጫዋ እምቢ ሲላት ዓይኗን ጨፍና ጆሮዋን ሰጠች።

ሿሿሿ... ዝናብ ነው። ጲጵ! ጲጵ! መኪና ነው።

«እንመለስ፣ የኔ እናት? ብርድ ይመታሻል» አሉ እትዬ ሐረገወይን።

«ትንሽ! ትንሽ ብቻ!»

ሿሿሿ...

ኳ!

ትርሲት ትንፋሿን ያዘች።

ኳ! ኳ!

«ጫማ ሰፊው!» ሮጡ። ውሃው ከጫማቸው ሥር ተረጨ፤ ፏ! ፏ! ጥጉን ታጠፉ።

«አባባ?»

ሿሿሿ...

«አባባ?»

ሿሿሿ...

ትርሲት ያላትን ድምፅ ሁሉ አወጣች። «አባባ!»

«አለሁ! አለሁ! አለሁ!»

አባባ ዝናቡ መሀል ቆመዋል። ከጋቢያቸው ውሃ ይንጠባጠባል፤ ከጺማቸውም ይንጠባጠባል።

«እዚህ የላስቲክ ጥላዬ ሥር ይጠለሉ ብላቸው፣ እምቢ አሉኝ» አሉ ጫማ ሰፊው። «ልጄ ሳታየኝ ብታልፍስ ይላሉ!»

አባባ ትርሲትን ብድግ አድርገው አቀፏት። እሷም አንገታቸውን አንቃ ያዘች።

«የት ነበርሽ፣ የኔ ልጅ?»

«ኬክ ቤት! እዚያ እየጠበቅኩዎት!»

«እኔ እኮ ኬኩን አልቀመስኩም!»

«አሁን ገና ገባኝ!» አለች ትርሲት።

አባባ ሳቁ። ከንፈራቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

«አባባ፣ ፈርቼ ነበር።»

«እኔም» አሉ አባባ። «እኔም ፈርቼ ነበር።»

እትዬ ሐረገወይን በሽርጣቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ዝናብ ነው አሉ።

«ያገናኙን እርስዎ ነዎት፤ እግዜር ይስጥልኝ» አሏቸው አባባ። «ሌላ ጊዜ ኬክ ለመብላት የምንመጣው ሐሙስ ነው። ያኔ እኔም እቀምሳለሁ!»

አባባ የጋቢያቸውን ጫፍ ትርሲት እጅ ላይ ላላ አድርገው ቋጠሩት። ታክሲ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው እንኳ አልፈቱትም።

«አባባ?»

«አለሁ!»

ቤት ሲደርሱ እማዬ ሁሉንም ሰማች። መጀመሪያ ተቆጣች። ከዚያ ሁለቱንም በፎጣ አደራረቀቻቸው።

መሸ። ትርሲት አልጋዋ ውስጥ ገባች። ጋቢው እንዲደርቅ አጠገቧ ወንበር ላይ ተዘርግቷል፤ ትንሽ ዝናብ፣ ትንሽ ዳቦ፣ ትንሽ ፓስቲ ይሸታል።

ትርሲት እጇን ከብርድ ልብሱ አወጣችና ጫፉን ያዘች። እማዬ መብራቱን አጠፋች።

አባባ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። በጨለማው ውስጥ ዛሬ እሳቸው ተጣሩ።

«ትርሲት?»

«አለሁ» አለች ትርሲት እያዛጋች።

ትንሽ ቆይተው ደግመው ጠሯት፤ በጣም በቀስታ።

«ትርሲት?»

ዝም። ትርሲት እንቅልፍ ወስዷታል።

የጋቢውን ጫፍ ግን አልለቀቀችም።